ለዲማ የሚሆን የድንኳን ሸራ እንዴት ይመረጣል?

ለተፈናቀሉ ወገኖች ድንኳን ለመግዛት ገንዘብ ሲሰበሰብ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው ዋጋውን ነው። ሸራው ከምን እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ክረምቱን በደረቅ መኝታ ማሳለፉ የሚወሰነው በሸራው ነው።

ዲማ በጋምቤላ ክልል፣ በአኮቦ ወንዝ አካባቢ የምትገኝ ቆላ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ኢታንግና ፒኝዶ ሁሉ የሱዳን ስደተኞችን ተቀብላለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህም በወረዳው በሚገኘው የኦኩጎ ጣቢያ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ተጠልለዋል። ለጥቂት ወራት የታሰበ መጠለያ ለዓመታት ሊያገለግል እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። በዚያ ላይ ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ገደማ ዝናብ ይበረታል፤ ምስጥም አለ።

በብዛት የሚቀርቡት ሸራዎች ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ንጹሕ የጥጥ ሸራ ነው። የጥጥ ክር ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ በድርና በማጉ መካከል ያለው ቀዳዳም ይጠባል። ስለዚህ ዝናብ ይከላከላል፤ ሲደርቅም አየር ያስገባል። ጉድለቱ ክብደቱና መበስበሱ ነው። እርጥቡን ታጥፎ ከተቀመጠ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ምስጥም ይበላዋል።

ሁለተኛው ፒቪሲ የተቀባ ፖሊስተር ነው። ውኃ አያሳልፍም፤ አይበሰብስምም። ነገር ግን አየርም አያሳልፍም። ቀን ውስጡ ይታፈናል፤ ሌሊት የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ለወለልና ለዕቃ መሸፈኛ መልካም ነው፤ ሕፃናትና ሕሙማን ለሚተኙበት ጣሪያ ግን አንመርጠውም።

ሦስተኛው ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ሸራ ነው። ጥጡ አብጦ ውኃ ይከላከላል፤ ፖሊስተሩ ጥንካሬ ይሰጣል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የቤተሰብ ድንኳን ውጫዊ ሸራም ከዚህ ዓይነት ነው። ለዲማ የምንመርጠው ይህንኑ ነው፤ በካሬ ሜትር 350 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ የሻጋታ መከላከያ የተነከረና ቀለሙ ነጣ ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ነጩ የላስቲክ ሸራ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ሰው በደረሰበት ቀን ይጠቅማል። ሆኖም ፀሐይ ስለሚያደርቀውና ስለሚሰነጥቀው ለረጅም ጊዜ አይታመንም።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፥ የሻጩን ቃል ብቻ አትቀበሉ። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ መዝኑና በ4 አባዙ፤ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ታገኛላችሁ። ከጠርዙ ክር መዝዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ሸራውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይዛችሁ ውኃ አፍሱበት፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ከታች ቢረጥብም መንጠባጠብ የለበትም። ስፌቱም ድርብ መሆኑን ተመልከቱ።

መልካም ሸራ መልካም አያያዝ ይፈልጋል። አዲሱን ድንኳን ሰው ሳይገባበት ተክላችሁ በውኃ አርሱትና አድርቁት፤ የስፌቱ ክር አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍናል። ጥጥ ሲረጥብ ስለሚሸበሸብ ከዝናብ በፊት ገመዱን ላላ አድርጉ። ዕቃ ግድግዳውን እንዳይነካ አርቁ፤ በዙሪያውም የውኃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ።

በመኪና ተጎታች ላይ የሚዘረጋው የሠራተኞች ማደሪያ ድንኳንም በዚሁ ደንብ ይመረጣል። ልዩነቱ በየጉዞው መታጠፉ ነው። በዝናብ እርጥቡን ማጠፍ ግድ ከሆነ፥ በደረሳችሁበት ቦታ በዚያው ቀን ዘርግታችሁ አድርቁት።

ጉባኤያትም ለድንኳን ስትለግሱ፥ «ዋጋው ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ክረምት ያሳልፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በዓመቱ የሚቀደድ ርካሽ ድንኳን ሁለተኛ ግዢና ሁለተኛ የጭነት ኪራይ ያስወጣል። ቤተሰቡም አዲሱ እስኪደርስ ድረስ ከነልጆቹ በዝናብ ይመታል።