በአሮጌ መኪና ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ስለ መግጠም



ዘንድሮ ለመጽሔታችን የምጽፍበትን አርእስት ሳስብ፥ በክፍል ውስጥ ስለ ሙቀት የተማርነው ትምህርት ከመጽሐፍ ወጥቶ በሥራ ላይ ሲውል ያየሁበትን ነገር መረጥሁ። ይኸውም በአጎቴ ፔዦ 404 መኪና ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ሲገጠም ከመካኒኩ አጠገብ ቆሜ የተመለከትሁት ነው።

ፔዦ 404 እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 በፈረንሳይ አገር የተሠራች፥ ቅርጿንም የኢጣልያው ፒኒንፋሪና የነደፈላት መኪና ናት። በአገራችን በተለይ በሐረር ከተማ ታክሲ ሆና ብዙ ዘመን ስላገለገለች ሕዝቡ እንደ ዘመድ ያያታል። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ግን ቁጥሯ እየተመናመነ ሄዷል። አጎቴም በከተማ ውስጥ መወዳደር ስላልቻሉ፥ በሐረርና በድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል መንገደኛ በኮንትራት እያመላለሱ ቤተ ሰባቸውን ያስተዳድራሉ። ዳሩ ግን ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማቀዝቀዣ አላት ወይ?» ብሎ ነው፤ የለም ሲሉት ወደ ሌላ መኪና ያመራል። ስለዚህ አጎቴ ወይ መኪናዋን መሸጥ፥ ወይ በዕቁብ ያገኙትን ገንዘብ በማቀዝቀዣ ላይ ማዋል ግድ ሆነባቸው።

ለመሆኑ ቅዝቃዜው ከወዴት ይመጣል?

ብዙ ሰው ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን የሚፈጥር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከአንድ ስፍራ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ የሚወስድ ተሸካሚ ነው። የሸክላ እንስራን አስቡ። ውሃው በእንስራው ገላ ላይ ወዝቶ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ፥ በውስጥ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። የመኪናው ማቀዝቀዣም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ የሚተነው ፈሳሽ ወደ ውጭ ሳይወጣ በቱቦ ውስጥ እየዞረ መመለሱ ነው።

አካሄዱም እንደሚከተለው ነው። ኮምፕረሰር የሚባለው ክፍል ከሞተሩ በቺንጋ እየተዘወረ ጋዙን ይጨምቃል። የብስክሌት መንፊያ ሲሠራ እንደሚግል፥ የተጨመቀውም ጋዝ እጅግ ይግላል። ከዚያ ከራዲያተሩ ፊት በቆመው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ እርጥበትን በሚመጥ ጣሳ በኩል አልፎ በጠባብ ቫልቭ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል፤ በክሩስኮቱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥም ወደ ጋዝነት እየተለወጠ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ይጠጣል። ቬንትሌተሩ በዚህ ላይ የሚነፋው አየር ቀዝቅዞ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል።

ይህ ጥበብ በመኪና ላይ ከዋለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1940 ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማቀዝቀዣ ያላቸውን መኪናዎች ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው ግን የዕቃ መጫኛውን ትልቅ ክፍል ይይዝ ነበር፤ ኮምፕረሰሩን ለማቆም የፈለገ ሰውም ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን መፍታት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1954 ናሽ የተባለው ኩባንያ ዕቃውን ሁሉ ከኮፈን ሥርና ከክሩስኮት ኋላ ሰበሰበው። ዛሬ በአሮጌ መኪና ላይ የሚገጠመውም በዚህ ዓይነት የተደራጀ ነው።

የደንገጎ ዳገት ፈተና

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሙቀትን ለሚሸከመው መሣሪያ ደመወዙን የሚከፍል ማን ነው? የሚከፍለው ሞተሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ 404 ሞተራቸው 1,618 ሲሲ ሲሆን፥ በአዲስነታቸው 72 የፈረስ ጉልበት ይባልላቸው ነበር። ተራ ሞተር ግን አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፥ ወደ ሐረር የሚመለስ መኪና የደንገጎን ዳገት ወጥቶ 2,000 ሜትር ያህል ይደርሳል። በዚያ ከፍታ 72ቱ ጉልበት ወደ 58 ይወርዳል፤ የዕድሜው ድካም ገና ሳይቆጠር ማለት ነው። በዚህ ላይ ኮምፕረሰሩ 4 ወይም 5 የፈረስ ጉልበት ይወስዳል። ኮንደንሰሩም የሰበሰበውን ሙቀት የሚጥለው በራዲያተሩ ፊት ስለ ሆነ፥ ራዲያተሩ አስቀድሞ የሞቀ አየር ይደርሰዋል።

ስለዚህ ተሳፋሪው ማቀዝቀዣውን አጥብቆ የሚፈልግበትና ሞተሩ እጅግ የሚጨነቅበት ሰዓት አንድ ነው፤ ይኸውም ከድሬዳዋ ሙቀት ተነሥቶ ዳገቱን መውጣት ሲጀመር ነው። በዚያ ላይ ሞተር ፈልቶ ቢቃጠል፥ አጎቴ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን እንጀራቸውንም ያጡ ነበር።

አንድ ጋራዥ «በአንድ ቀን ገጥሜ አስረክባለሁ» ብሏቸው ነበር። ሽማግሌው መካኒክ ግን እንዲህ አሉ፤ «ወንድሜ፥ ይህች አሮጊት ናት። አሮጊትን ሸክም ከማሸከም በፊት ማብላት ይገባል።»

«ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?» ብለው አጎቴ ጠየቁ።

«ሁለት ሳምንት። የመጀመሪያው ሳምንት ስለ ማቀዝቀዣው አይደለም።»

እንደ ቃላቸውም ከሁሉ አስቀድሞ ራዲያተሩን አውርደው አጠቡት፤ የደረቁትን የውሃ ቱቦዎች ለወጡ፤ ከኮንደንሰሩ ፊት በኤሌክትሪክ የሚዞር ቬንትሌተር ጨመሩ። ቀጥሎ ዲናሞውን አነሡ። ቬንትሌተሮቹና የኮምፕረሰሩ ማያያዣ በአንድነት 25 አምፔር ያህል ስለሚፈልጉ፥ አሮጌው ዲናሞ ከመብራቱ ጋር ሊችላቸው አይችልም፤ በምትኩ አልተርኔተር ገቡለት። ሦስተኛም የበሮቹን ላስቲክ ለወጡ፥ በፔዳሎቹ ዙሪያ ያለውን ቀዳዳ ደፈኑ፥ ከወለሉና ከጣሪያው ሥር ሙቀት የሚከለክል ንጣፍ አነጠፉ። «የማይገባ ሙቀት ማውጣትም አያስፈልገው» አሉኝ። ይህ ንግግራቸው በሥራው ሁሉ ከሰማሁት የበለጠ ትምህርት ሰጥቶኛል።

ስለ ጋዙ መጠንቀቅ እንደሚገባ

በሁለተኛው ሳምንት መሣሪያው ተገጥሞ ሲያልቅ ጋዙ ወዲያው አልተሞላም። ሞተር ባለው ፓምፕ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው አየር ለአንድ ሰዓት ያህል ተመጠጠ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፥ በቱቦው የቀረች ጥቂት እርጥበት በቫልቩ ላይ በረዶ እንደምትሆን፥ ከጋዙና ከዘይቱም ጋር ተቀላቅላ ብረቱን እንደምትበላ ነገሩኝ። ግፊት ሲቀንስ ውሃ ያለ እሳት እንደሚፈላ የተማርነው ትምህርት ትዝ አለኝ፤ ፓምፑ እርጥበቱን የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

የጥንቱ ጋዝ አር 12 ይባል ነበር። በውስጡ ያለው ክሎሪን ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀውን የኦዞን ንጣፍ ስለሚያበላሽ፥ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል በተፈረመው ውል ምርቱ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ተወሰነ። እርሱን የተካው አር 134ኤ ክሎሪን የለበትም፤ ነገር ግን ወደ አየር ሲለቀቅ የምድርን ሙቀት ስለሚያባብስ እርሱም እንዲቀነስ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ ስምምነት ተደርሷል። ስለዚህ ጋዙን በሜዳ መልቀቅ ነውር ነው። ደግሞም በ26 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚፈላ ስለ ሆነ፥ ዓይንን ወይም እጅን ቢነካ በቅዝቃዜ ያቃጥላል፤ ያለ መነጽርና ያለ ጓንት አይነካም። የወጥ ቤት ቡታጋዝ በምትኩ መሙላትም በተሳፋሪ ፊት እሳት እንደ ማስቀመጥ ይቆጠራል።

ፍጻሜው

የአጎቴ መኪና ዛሬ በድሬዳዋ ሙቀት መስኮቷን ዘግታ ትሄዳለች። መካኒኩ የራዲያተሩ ውሃ ከልክ በላይ ሲግል ኮምፕረሰሩን በራሱ የሚያቆም ማብሪያ አኑረውባታል። ከዚህም በላይ አጎቴ በደንገጎ ጠምዛዛ ዳገት ላይ ማቀዝቀዣውን በገዛ እጃቸው ያጠፉና ለእንግዳው፥ «ጥቂት ይታገሡ፤ ከላይ አምላክ የሠራው ማቀዝቀዣ አለ» ይሉታል። በእርግጥም ከደንገጎ በላይ እስከ ሐረማያ ያለው ነፋስ መስኮት ከፍቶ መሄድን የሚያስመኝ ነው። ከባጃጅ ያመለጠችው መኪናም ቤተ ሰቡን እንደ መገበች አለች።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፥ ከዚህ ሥራ የተማርሁት በአጭሩ ይህ ነው። አዲስ ነገር በአሮጌ ነገር ላይ መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን አሮጌው የሚችለውን አስቀድሞ መመዘን፥ የደከመውንም ማበርታት ያስፈልጋል። በፊዚክስ ክፍል የምንማረው ቁጥርም በደብተር ላይ ለመቅረት የተሰጠን አይደለም፤ በእርሱ የሚመዝን ሰው የአንድ ቤተ ሰብን እንጀራ ሊያድን ይችላል።