ጽጌረዳን በቤት ስለ ማራባትና በማሰሮ ስለ መትከል

በየወረዳውና በየከተማው ለምትገኙ የግብርና ሹማምት።

መንገድ ሲሰፋና አሮጌ ግቢ ሲፈርስ፥ ብዙ ዘመን በደጁ የቆየው ጽጌረዳ ከቤቱ ጋራ አብሮ ይነቀላል። ባለቤቱ ዘሩን አስቀምጬ በኋላ እዘራዋለሁ ቢል አይሆንለትም፤ ጽጌረዳ ከዘር ሲበቅል መልኩም ሽታውም ይለወጣልና። ያንኑ ተክል የሚያስቀረው ከራሱ አካል የተወሰደ ቅርንጫፍ ወይም ዐይን ነው። ስለዚህ ግቢ እንዲፈርስ የታዘዘ እንደ ሆነ፥ ቀኑ ሳይደርስ ባለቤቶቹ ቅርንጫፍ ቈርጠው እንዲያተርፉ ብትነግሯቸው መልካም ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጽጌረዳ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በደጋው በየአጥሩ ነጭ አበባ የሚያወጣው፥ እረኞችም ፍሬውን የሚበሉት ቀጋ፥ ሊቃውንት ሮዛ አቢሲኒካ የሚሉት፥ የጽጌረዳ ወገን ነው።

ለመትከል የሚመረጠው አበባው የረገፈለት፥ ውፍረቱ እርሳስ የሚያህል፥ እጅግ ያልለመለመ እጅግም ያልደረቀ የዘንድሮ ቅርንጫፍ ነው። ቁመቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር፥ ዐይኑም ከአራት ያላነሰ ይሁን። በተሳለ ቢላዋ ታችኛው ጫፍ ከዐይን ሥር በሰያፍ፥ ላይኛው ጫፍ ከዐይን በላይ ቀጥ ተደርጎ ይቈረጣል፤ እንዲህ ከሆነ ላይና ታቹ አይምታታም። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ትቶ የቀረውን ማርገፍ ይገባል። ሩቅ የሚሄድ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል። የተተከለው ሁሉ ስለማይጸድቅ ከሚፈለገው በላይ መቍረጥ ይሻላል።

አፈሩ ግማሹ አሸዋ፥ ግማሹ ቅጠል የበሰበሰበት የጫካ አፈር ይሁን። መረሬ ውኃ ይዞ ያበሰብሳልና አይስማማም፤ ፍግም በዚህ ጊዜ አያስፈልግም። ቅርንጫፉን እስከ ሁለት ሦስተኛው ቀብሮ አፈሩን ጠበቅ ማድረግና ከጥላ ሥር ማኖር ነው። ሥሩ የተቈረጠ የውኃ ፕላስቲክ ቢደፋበት እርጥበቱን ይጠብቅለታል፤ ፀሐይ ካገኘው ግን ውስጡ ይቀቀላል። የሰኔ ወር ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ነገር ግን የሐምሌ ዝናብ በቀጥታ እንዳይወርድበት ከጣራ ክፈፍ ሥር ይቀመጥ።

ብዙ ሰው ተክሉን የሚያጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ዐይኑ ይፈነዳል፥ ቅጠልም ያወጣል፤ ባለቤቱም ጸደቀ ብሎ ነቅሎ ያዛውረዋል። ያ ቅጠል ግን የበቀለው እንጨቱ በውስጡ ካከማቸው ምግብ ሊሆን ይችላል እንጂ ሥር መኖሩን አያስረዳም። ስድስት፥ ስምንትም ሳምንት ቢሆን መታገሥ ይገባል። ቀስ ተብሎ ሲሳብ እምቢ ያለ እንደ ሆነ ሥር ይዟል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ማሰሮ ይዛወራል። ማሰሮው አፉ 30 ሳንቲሜትር ያህል ቢሰፋ ይበቃል፤ የዘይት ጣሳም ያገለግላል፤ ሥሩ ግን የግድ ይበሳ። በቀዳዳው ላይ ገል ተደርጎ፥ ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፥ አንድ እጅ ፈጽሞ የበሰበሰ ፍግ፥ አንድ እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ ይሞላበታል። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ውኃው ከታች እስኪወጣ ይጠጣ፤ ዳግመኛም የሚጠጣው የላይኛው አፈር ሲደርቅ ነው። የሸክላ ማሰሮ ከጣሳ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። ሥር ከያዘ በኋላ ፀሐይ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ያግኝ። የመጀመሪያው እምቡጥ ቢቀነጠብ ኃይሉ ወደ ሥሩ ይሄዳል፤ ለባለቤቱ የሚያሳዝን ቢሆንም ይጠቅማል።

ችግኝ አፍልተው ለመሸጥ የሚፈልጉ ቤተ ሰቦች ቢኖሩ፥ ቅርንጫፉ ከየት እንደ መጣ ጠይቋቸው። የአሮጌ ግቢ ጽጌረዳ በአብዛኛው አያስቸግርም፤ ወደ ውጭ አገር አበባ ከሚልኩ እርሻዎች የወጣው ግን ብዙ ጊዜ የአዳቃዩ መብት ያለበት ስለ ሆነ፥ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል።

በለጋው ቅጠል ላይ ክሽክሽ የታየ እንደ ሆነ በጣት ጠርጎ በውኃ ማጠብ ለጥቂት ተክል ይበቃል። አፈሩ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ።