ያውቁ ኖሯል? ጭራቅ ከየት ይመጣል

አሜሪካዊው ሠዓሊና ደራሲ ሞሪስ ሴንዳክ መጀመሪያ ሊሠራ ያሰበው ስለ ዱር ፈረሶች የሚያወራ የልጆች መጽሐፍ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ርዕሱ ሳይቀር ወጥቶለት ነበር። ሥራው ሲጀመር ግን ሴንዳክ ፈረስ አሳምሮ መሳል አቃተው። ፈረሶቹ ቀሩና ጭራቆች ተተኩ። መልካቸውን ፍለጋም ሩቅ አልሄደም። በልጅነቱ ብሩክሊን ወደሚገኘው ቤታቸው እየመጡ ጉንጩን የሚቆነጥጡት፣ ጥርሳቸው የተበላሸ፣ ፀጉር ከአፍንጫቸው ብቅ ያለ ስደተኛ አክስቶቹና አጎቶቹ ነበሩለት። ራት ከዘገየ እኔን ይበሉኛል ብሎ ይሰጋ እንደነበር ሴንዳክ ራሱ ተናግሯል። "ልብላው! ልብላት!" እያሉ ሕፃን የሚስሙ አክስቶች ባሉበት ሀገር ላደገ አንባቢ ይህ ስጋት እንግዳ አይሆንም። "ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግስ አር" እ.ኤ.አ. በ1963 ታተመ፤ በዓመቱ የአሜሪካን ትልቁን የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ሽልማት፣ ካልደኮትን ወሰደ።

የእንግሊዛዊቷ ጁሊያ ዶናልድሰን "ግሩፋሎ"ም የተወለደው እንዲሁ ሳይታሰብ ነው። መነሻዋ የቻይና ተረት ነበር፤ በተረቱ ውስጥ ያለው አውሬ ደግሞ ነብር። ለነብር ቤት የሚመታ ቃል አላገኝ ስትል የራሷን አውሬ ፈጠረች። ሠዓሊው አክሰል ሼፍለር መጀመሪያ የሳለው ግሩፋሎ ለሕፃናት በጣም ያስፈራል ተብሎ እንዲለዝብ ተደረገ። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በወጣትነቱ አንድ ክፍል ሙሉ የሞቱ እንስሳት ሰብስቦ እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ታሪኩን የጻፈው የሠዓሊያን ሕይወት ተራኪው ጆርጆ ቫሳሪ ነው። አንድ ገበሬ ከበለስ እንጨት የጠረበውን ክብ ጋሻ ለሊዮናርዶ አባት አምጥቶ፣ ፍሎሬንስ ውስጥ ሥዕል እንዲያስደርግበት ይለምናቸዋል። አባት ለልጃቸው ሰጡት። ልጁ ጋሻው መጣመሙን አይቶ በእሳት አቃናው፣ አስለሰለሰው፣ ነጭ ቀለም ቀባው። ከዚያ ማንም ወደማይገባበት ክፍሉ እንሽላሊት፣ ፌንጣ፣ እባብ፣ ቢራቢሮ፣ የሌሊት ወፍ እያመጣ ከአንዱ ክንፍ፣ ከሌላው ቆዳ፣ ከሦስተኛው ዐይን እየወሰደ አንድ አስፈሪ ፍጡር ገጣጠመ። ፍጡሩ ከጨለማ የዐለት ስንጥቅ ይወጣል፤ ከጉሮሮው መርዝ፣ ከዐይኑ እሳት፣ ከአፍንጫው ጭስ ይተፋል። የሬሳዎቹ ግማት ክፍሉን ቢሞላውም ሊዮናርዶ ሥራው ስለጣመው ልብ አላለውም ይላል ቫሳሪ።

ሥራው ሲያልቅ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ብርሃኑን አደከመና አባቱን ጠራ። አባት በሩን ከፍተው ሲገቡ ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ልጁም ጋሻው የተሠራበትን ዓላማ እንዳሟላ ነገራቸው። አባት ከሱቅ ሌላ ጋሻ ገዝተው ለገበሬው ሰጡ፤ የልጃቸውን ግን በምስጢር ለነጋዴዎች በ100 ዱካት ሸጡት። ነጋዴዎቹ ለሚላኑ መስፍን በ300 ሸጡ። ጋሻው ዛሬ የለም።

የሊዮናርዶ የማስታወሻ ደብተር ግን አለ። በዚያ ለሠዓሊዎች የተወው ምክር ዛሬም ይሠራል። ምናባዊ እንስሳ እውነተኛ እንዲመስል ከፈለጉ እያንዳንዱን ብልት በእውን ካለ እንስሳ ይውሰዱ ነው የሚለው። ዘንዶ ለመሥራት የውሻ ራስ፣ የድመት ዐይን፣ የጃርት ጆሮ፣ የአንበሳ ቅንድብ፣ የዔሊ አንገት ይቀላቅላል። ከባዶ የተፈጠረ ጭራቅ ይኖራል ብዬ አላምንም። እዚህ አምድ ላይ የሚያገኟቸው ሁሉ ከታየ፣ ከተነካ ወይም ከታመመ ነገር የተሠሩ ናቸው።

ከታመመ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፔድሮ ሊናሬስ የሜክሲኮ ሲቲ የወረቀት ጥበበኛ ነበር። ለበዓል የሚሰቀሉ ፒኛታዎችን፣ ጭምብሎችንና በትንሣኤ ሰሞን የሚቃጠለውን የይሁዳ ምስል እየሠራ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 በጠና ታመመ። ትኩሳቱ ሲያቃዠው ጫካ ውስጥ ራሱን አገኘ፤ ዐለቶችና ደመናዎች ወደ እንስሳ ሲለወጡ አየ። ክንፍ ያወጣ አህያ፣ ቀንድ ያበቀለ ዶሮ፣ የውሻ ራስ የለበሰ አንበሳ በአንድ ድምፅ "አሌብሪኼ! አሌብሪኼ!" እያሉ ይጮሁ ነበር። ሲሻለው ቤተሰቡ እንዲያምነው ያየውን በሚያውቀው ሙያ ሠራው። የሸምበቆ አጽም አሰረ፣ በዱቄት ማጣበቂያ የራሰ ወረቀት በላዩ ደራረበ፣ ሲደርቅ በደማቅ ቀለም ነጥብ በነጥብ ሸፈነው። የሜክሲኮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 ብሔራዊ የጥበብ ሽልማት ሰጠው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ።

በዋሃካ ክፍለ ሀገር ያሉ እንጨት ጠራቢዎች ሐሳቡን ወስደው ኮፓል በሚባል ለስላሳ እንጨት አሌብሪኼ መቅረጽ ያዙ፤ ብዙ መንደርተኛ ዛሬ የሚተዳደረው በዚሁ ነው። "ኮኮ" የተሰኘውን እ.ኤ.አ. የ2017 የካርቱን ፊልም ያዩ ሰዎች በደማቅ ቀለም የሚያበሩትን ክንፋም እንስሳት ያስታውሷቸዋል። የሊናሬስ ቅዠት ልጆች ናቸው።

በጃፓን ጥንታዊ እምነት አንድ ዕቃ 100 ዓመት ከሞላው ነፍስ ይዘራል። አሮጌ ጃንጥላ አንድ ዐይንና አንድ እግር አውጥቶ ይዘላል፤ የተጣለ ጫማ ሌሊት ይራመዳል። ቶሪያማ ሴኪየን የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1776 ጀምሮ የጃፓንን ጭራቆች በየገጹ ሥዕልና ስም እየሰጠ በመጽሐፍ አሳተመ። በኋላ በሴቶች ሥዕሎቹ ዓለም ያወቀው ኡታማሮ የእሱ ተማሪ ነበር። ከሴኪየን ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ እነዚያኑ ጭራቆች ወደ ኮሚክ መጽሐፍ ያመጣቸው ሺጌሩ ሚዙኪ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግራ ክንዱን ያጣ ወታደር ነው። ያን ሁሉ የሳለው በቀኝ እጁ ብቻ ነው። ያደገባት የሳካይሚናቶ ከተማ አንድ ጎዳናዋን በስሙ ሰይማ ከ170 በላይ የነሐስ ጭራቆች አቁማበታለች።

የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ሰገነት ላይ አገጩን ደግፎ ከተማዋን የሚመለከተው ቀንዳም ፍጡር የመካከለኛው ዘመን ሥራ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? እሱና ጓደኞቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እድሳት ጊዜ በአርክቴክቱ ቪዮሌ-ለ-ዱክ ንድፍ የተጨመሩ ናቸው። በዕድሜ የሚበልጧቸው ዘመዶቻቸው፣ ጋርጎይሎቹ፣ ሥራ አላቸው። የዝናብ ውሃ ከጣሪያው ተቀብለው ግድግዳው እንዳይረጥብ በአፋቸው ወደ ውጭ ይተፋሉ።

አውሮፓውያን ጭራቆቻቸውን ለረጅም ዘመን "ኢትዮጵያ" ውስጥ ያሰፍሩ እንደነበርስ? የሰባተኛው ክፍለ ዘመን ጳጳስ የሴቪሊያው ኢሲዶር አንድ እግር ብቻ ያላቸው፣ ሲሞቃቸው በጀርባቸው ተንጋልለው የእግራቸውን ጥላ የሚጠለሉ ሰዎች በኢትዮጵያ እንዳሉ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1300 አካባቢ እንግሊዝ ውስጥ በአንድ የጥጃ ቆዳ ላይ የተሳለው የሄርፎርድ የዓለም ካርታ በአፍሪካ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ እንዲህ ያሉ ፍጡራንን ደርድሯል፤ ራስ የሌላቸውና ፊታቸው ደረታቸው ላይ ያለ ጭምር። የሳሏቸው ሰዎች ሀገሩን ረግጠውት አያውቁም። ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ ጉዳታቸው ግን ቀላል አልነበረም፤ ሩቅ ሀገር ያለን ሕዝብ ከሰው በታች አድርጎ ማየትን አስለምደዋል። ጭራቅ የሚሳል ሰው ጭራቁ የማን ፊት እንደተሰጠው ሊያስብበት ይገባል።

የእኛዎቹ ሠዓሊዎች የራሳቸው ጭራቆች ነበሯቸው። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ካሉት የባህል ዕቃ መደብሮች አንዱ ይግቡና የንግሥተ ሳባን ታሪክ በካሬ በካሬ ከፋፍሎ የሚያሳየውን ሥዕል ይፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ካሬዎች የአርዌ ናቸው። ሕዝቡ ለግዙፉ እባብ ፍየል፣ በሬና ልጃገረድ ይገብራል፤ አንጋቦ የተባለ ሰው ፍየሏን መርዝ አብልቶ ይሰጠዋል፤ አርዌ ይሞታል፤ አንጋቦ ይነግሣል። ሠዓሊው ፊደል ለማያነብ ሰው ጭምር ነው የሳለው፤ ታሪኩን በጣት እየተከተሉ መጨረስ ይቻላል።

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ሁለት ዐይኑ እየታየ ፊት ለፊት ሲሳል፣ ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሳላሉ። ደብተራዎች በሚያዘጋጁት የክታብ ጥቅል ላይ ደግሞ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን በጦር ሲወጋ ይታያል። በዙሪያው ትልልቅ ዐይኖች ያፈጣሉ። የብራናው ርዝመት በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲሆን ይደረግ ነበር፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። ይህን ያህል የዳበረ የራሳችን የምስል ቋንቋ እያለን የልጆች መጽሐፎቻችን ሠዓሊዎች ብዙ አለመጠቀማቸው ይቆጨኛል።

አሁን ወደሚንቀሳቀሱት እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1933ቱ ፊልም "ኪንግ ኮንግ" ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ የወጣው ዝንጀሮ የጥንቸል ፀጉር የለበሰ ትንሽ አሻንጉሊት ነበር። ፀጉሩ በየጊዜው የሚላወሰው በየፎቶው መካከል የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ጣት ስለሚነካው ነው።

የጃፓኑ የፊልም ጭራቅ የጎድዚላ ጩኸት ከየትኛውም እንስሳ አልተቀዳም። የሙዚቃ ደራሲው አኪራ ኢፉኩቤ የኮንትራባስን ክር ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት አሸው፤ የተቀዳው ድምፅ ፍጥነቱ ተቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1954ቱ ፊልም ተዋናዩ ሃሩዎ ናካጂማ የለበሰው ልብስ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር።

"ሰሳሚ ስትሪት" በተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ያለው ኩኪ ሞንስተር የሚበላው እውነተኛ ብስኩት አይደለም። ዘይቱ ፀጉሩን ስለሚያበላሽ ለብዙ ዓመታት የሚቀርብለት ብስኩት እንዲመስል የተቀባ የሩዝ ቂጣ ነበር። ፍርፋሪውም በየቦታው ይበተናል።

"ሞንስተርስ ኢንክ" በተባለው እ.ኤ.አ. የ2001 የፒክሳር ፊልም ላይ ሰማያዊው ሳሊ 2,320,413 ፀጉሮች አሉት። እሱ ያለበትን አንድ ምስል ብቻ ኮምፒውተር አስልቶ ለመጨረስ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ይወስድበት ነበር፤ የፊልም አንድ ሴኮንድ ደግሞ 24 ምስል ነው።

በየቦርሳው ላይ ተንጠልጥሎ የምናየው ላቡቡ የተባለው አሻንጉሊትም ከመጽሐፍ የወጣ ነው። ኔዘርላንድስ ያደገው የሆንግ ኮንግ ተወላጅ ካሲንግ ሉንግ እ.ኤ.አ. በ2015 የስካንዲኔቪያን ተረቶች መነሻ አድርጎ በሠራቸው ሥዕላዊ መጻሕፍት ውስጥ ነው የተወለደችው። አዎ፣ ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ቤጂንግ ላይ የሰው ልጅ ቁመት ያላት ላቡቡ በጨረታ 1.08 ሚሊዮን ዩዋን አወጣች።

መሳል አልችልም ለሚሉም መንገድ አለ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሐኪምና ገጣሚ ዩስቲኑስ ኬርነር ዐይኑ ሲደክም ቀለም እያመለጠው ወረቀት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ወረቀቱን አጥፎ ሲከፍተው ሁለቱ ጎን እኩል የሆነ ፍጡር አየ፤ ጥቂት መስመር ጨምሮ ግጥም ጻፈለት። በእኛ ዘመን ሎስ አንጀለስ የሚሠራው ዲዛይነር ስቴፋን ቡከር እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2006 ጀምሮ ጠብታ ቀለም በአየር እየነፋ 100 ቀን 100 ጭራቅ ሳለ። ያዩት ሰዎች ለየጭራቁ ስምና ታሪክ አወጡ።

እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ ሱሪያሊስት የሚባሉት የፓሪስ ሠዓሊዎችና ገጣሚዎች ይጫወቱት የነበረውን ደግሞ ዛሬ ማታ ከልጆችዎ ጋር ይሞክሩት። ወረቀቱን ሦስት ቦታ ይጠፉ። አንዱ ራስ ይሳል፤ የአንገቱን ጫፍ ብቻ አስቀርቶ ይጠፍና ለሚቀጥለው ያቀብል። ሁለተኛው ራሱን ሳያይ ሆድና እጅ፣ ሦስተኛው እግር ይሳሉ። ሲዘረጋ የሚወጣውን ፍጡር ስሙን፣ የሚበላውንና የሚፈራውን ትንሹ ልጅ ይናገር፤ እርስዎ ይጻፉ። ከታች ቀኑንና የሠዓሊዎቹን ስም ይጨምሩ፤ ወረቀቱንም አይጣሉት።