የፅንስ ክብደት እንዴት ይገመታል?

የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት ነፍሰ ጡር በ36ኛው ሳምንት የአልትራሳውንድ ምርመራ አድርጋ ስትመለስ፣ በውጤቱ ወረቀት ላይ «ግምታዊ ክብደት 2400 ግራም» የሚል አነበበች እንበል። ከ2500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ሕፃን ክብደቱ ዝቅተኛ እንደሚባል በትምህርት ቤት ተምራለች። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ለመሆኑ ስጋቷ ተገቢ ነውን? መልሱን ለማግኘት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መመርመር ያስፈልጋል።

አልትራሳውንድ ሚዛን አይደለም። መሣሪያው የሚልከው የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በሰውነት ለስላሳ ክፍሎች ውስጥ በሴኮንድ 1540 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደው ጊዜም ወደ ርቀት ይቀየራል። ይህን ዘዴ ለእርግዝና ምርመራ በማዋል ፈር የቀደዱት የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ታዋቂ ጽሑፋቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር። እንግዲህ የሚለካው የጭንቅላት ስፋትና ዙሪያ፣ የሆድ ዙሪያና የጭን አጥንት ርዝመት ነው። እነዚህን ወደ ግራም የሚለውጠው ቀመር ነው፤ በሰፊው የሚሠራበትም አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንክ ሃድሎክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረቡት ነው።

ስህተቱ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። የአንድን ኩብ ጎን በ3 በመቶ ብቻ አሳስተን ብንለካ ይዘቱን በ9 በመቶ ገደማ እንስታለን። ፅንስ ደግሞ እንደ ኩብ ጸጥ ብሎ አይቀመጥም። ስለዚህ ግምቱ ከእውነተኛው ክብደት እስከ 15 በመቶ ቢርቅ እንግዳ ነገር አይደለም። የዚያች ሴት ልጅ ክብደት ከ2040 እስከ 2760 ግራም ባለው መካከል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በተቃራኒው «4000 ግራም ደርሷል» የተባለ ፅንስም 3500 ግራም ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

ሌላም ነጥብ አለ። 2500 ግራም የተወለደ ሕፃን መለኪያ ነው፤ በ36ኛው ሳምንት ያለ ፅንስ ግን ገና በየሳምንቱ 200 ግራም ያህል ሊጨምር ይችላል። መነጻጸር ያለበት ከእድሜ እኩዮቹ ጋር ነው። በእድገት ሰንጠረዥ ላይ ከ100 እኩዮቹ በክብደት ከመጨረሻዎቹ 10 ውስጥ የሚመደበው ፅንስ «ትንሽ» ይባላል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ በተፈጥሯቸው ትንሽ የሆኑ ጤነኞች ናቸው። የእርግዝናው እድሜ በሁለት ሳምንት ከተሳሳተም ጤናማው ፅንስ የቀጨጨ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንዲደረግ የሚመክረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ሐኪሙ ምን ያያል? በመጀመሪያ የእድገቱን አካሄድ ይከታተላል። በሳምንት ልዩነት የተደረጉ ሁለት ልኬቶች እድገቱን ከስህተቱ ለይተው ስለማያሳዩ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። የሆድ ዙሪያ በተለይ ይታያል፤ ምግብ ያነሰው ፅንስ አንጎሉን ለማትረፍ በጉበቱ ያከማቸውን ስንቅ ስለሚጠቀም ሆዱ ቀድሞ ይቀንሳል። በእትብት ውስጥ የሚያልፈው የደም ፍሰትና የሽርት ውሃው መጠንም ይመረመራል።

ስለሆነም ያች ሴት ወረቀቷን ይዛ «የእርግዝናዬ እድሜ በምን ታወቀ? ከቀድሞው ልኬት ጋር ሲተያይ እንዴት ነው? የደም ፍሰቱስ?» ብላ ብትጠይቅ ይበጃታል። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ደም ከታየ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ካጋጠማት ግን፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የቱንም ያህል ደህና ቢሆን፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ሕክምና መሄድ ይኖርባታል።