የአፍ ቁስል ሁሉ ምች አይደለም

በቅርቡ አንድ የክፍል ጓደኛችን ለሦስት ሳምንት ያህል ምሳ አብሮን ሳይበላ ቀረ። «ሆዴን ነው» ይለን ነበር። በኋላ ስንደርስበት ለካስ ምላሱ ጎን ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቁስል ወጥታበት ኖሯል። ያከራዩት እትዬ «ምች ነው ልጄ» ብለው ዳማከሴ አሽተው ሰጡት፤ አልተሻለውም። ከእኛም መካከል፣ ማፈራችንን ሳንደብቅ እንጻፈውና፣ «ያ በሽታ ይሆናል» እያለ የተንሾካሾከ አልጠፋም። ልጁ ይህንኑ ሰምቶ ኖሮ ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሩ ሊገባ ሻንጣውን አሰናድቶ ነበር።

በመጨረሻ ሁለት ሆነን እየጎተትን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የጤና መኮንኑ የምላሱን ጫፍ በፋሻ ይዘው ወደ ጎን ሳብ አደረጉና በባትሪ አዩ። ከዚያም ቁስሉን ትተው ጥርሱን ማየት ጀመሩ።

«ይሄ መንጋጋህ መቼ ነው የተሰበረው?»

«ኧረ ቆይቷል ጋሼ፣ ቆሎ ስበላ ነው።»

ነገሩ ይኸው ነበር። የተሰበረው ጥርስ ስለት ምላሱን ቀን ከሌሊት ሲፍቀው ከርሟል። ጥርሱ ተነቀለ፤ ቁስሉም በአሥር ቀን ውስጥ ድራሹ ጠፋ። የጤና መኮንኑ ግን ሲያሰናብቱን «ጥርሱ ከወጣ በኋላ በሁለት ሳምንት ካልዳነ ተመለስ፣ ያን ጊዜ ሌላ ነገር እንፈልጋለን» ብለውት ነበር። ይህች «ሁለት ሳምንት» የምትባል ነገር አእምሮአችን ውስጥ ስለቀረች መምህራንን ጠየቅን፣ መጽሐፍም አገላበጥን።

በመሠረቱ የአፍ ውስጥ ስስ ቆዳ ከእጅና ከእግር ቆዳ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል። ስለሆነም ተራ የአፍ ቁስል ብዙ አይቆይም። ሰባት ቀን፣ ቢበዛ አሥራ አራት ቀን ነው። ከዚያ ካለፈ ቁስሉን የሚቀልበው አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ እንደ ጓደኛችን ያለ ስለታም ጥርስ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር።

ተራ ከሚባሉት አንዱ ምች ነው። በከንፈር ዳር ችፍ ብሎ ውኃ ይቋጥርና ይፈርጣል፣ ቅርፊትም ይሠራል። የሚያመጣው ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ሲሆን አንድ ጊዜ ከያዘ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ትኩሳት ወይም ብርቱ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀሰቀሳል። እንግዲህ «ፀሐይ መታው» የሚሉት ወላጆቻችን ጨርሶ አልተሳሳቱም። ሌላው ተራ ቁስል መሐሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው የቀላ፣ በርበሬ ሲነካው እንባ የሚያስመጣው ክብ ቁስል ነው። ይሄኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እየተመላለሰ ያስቸግራል እንጂ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል።

ተራ ካልሆኑት መካከል በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚገኘው ቁንጭር አለ። ቁንጭር የፊት ቆዳ በሽታ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካስ ወደ አፍንጫ ውስጥ፣ ወደ ከንፈርና ወደ አፍም ይዘልቃል። ምክንያቱ ሌይሽማንያ የምትባል በዓይን የማትታይ ጥገኛ ተሕዋስ ናት፤ በአገራችን በብዛት ቁንጭር የምታመጣዋ ዝርያ ሌይሽማንያ ኢትዮፒካ ተብላ በአገሪቱ ስም ትጠራለች። በገደልና በዋሻ ከሚኖረው ሽኮኮ ወደ ሰው የምታሸጋግራት ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ነች። ቁስሉ ለወራት በዝግታ ይሰፋል፣ ብዙም አያምም፤ ከንፈር ያብጣል። በመላ አካል የሚሰራጨው ዓይነት ደግሞ የሥጋ ደዌ እየመሰለ ሰው ያሳስታል። እርግጡ የሚታወቀው ከቁስሉ ጠርዝ ጥቂት ተፍቆ፣ በመስተዋት ላይ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ሕክምናው እንደ ደሴው ቦሩ ሜዳ፣ እንደ ጎንደርና በአዲስ አበባ እንደ አለርት ባሉ ሆስፒታሎች ይሰጣል። ዳማከሴ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም።

የማያም ቁስል ይበልጥ ሊያስፈራን ይገባል። የምላስ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ከምላስ ጎን ይጀምራል፤ ጠርዙ ሲነካ ይጠነክራል፣ በመጀመሪያው ላይ ላያም ይችላል፤ ሲጋራና መጠጥ ያባብሱታል። ከቁስሉ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ካልተመረመረ ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ «ነው፣ አይደለም» ሊል አይችልም። ቂጥኝ ደግሞ አታላይ ነው። በከንፈር ወይም በምላስ ላይ የሚያወጣው የማያም ቁስል ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ሳይታከም በራሱ ይጠፋል፤ በሽታው ግን በደም ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ «ዳነልኝ» ማለት ሁልጊዜ ዳነ ማለት አይደለም፤ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ የሚያስል ሰው ምላሱ ላይ የሚያም ቁስል ከወጣ አክታው ይመርመር፤ የሳንባ ነቀርሳ አልፎ አልፎ ወደ አፍ ይወጣልና።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቀን እየቆጠሩ ለመጠበቅ ጊዜ ይሰጣል። ኖማ ግን ጊዜ አይሰጥም። ይህ በሽታ በይበልጥ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን፣ ብዙ ጊዜም ከኩፍኝ በኋላ ይይዛል። ድዱ ይደማል፣ አፉ ክፉኛ ይሸታል፤ ከዚያ ጉንጩ ያብጣል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠቁሮ ይበሳል። ካልታከመ ከመቶ ሕፃናት እስከ ዘጠና የሚደርሱትን ይገድላል። የተረፉትም ፊታቸው ተበላሽቶ፣ መንጋጋቸው ተቆልፎ ከሰው ተደብቀው ይኖራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ የሚመጡ የቀዶ ጥገና ቡድኖች የእንዲህ ዓይነቶቹን ፊት ሲጠግኑ ቆይተዋል። አውሮፓም ድሮ ኖማ ነበረበት፤ የሕዝቡ ምግብ ሲሻሻል ጠፋ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእሥር ካምፖች ውስጥ ተመልሶ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ገና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። የሚያሳዝነው፣ በጊዜው ከተደረሰበት ጉንጭ ሳይበሳ በተራ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ አፍን በማጠብና በምግብ ሊቆም መቻሉ ነው። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

በሚቀጥለው ጊዜ ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ስንወጣ እነዚህን ሕፃናት፣ ወይም ታናናሾቻቸውን በጀርባቸው አዝለው የሚመጡ ተማሪዎችን እናገኛለን። እናትየዋ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብላ ለማስቆረጥ አስባ ይሆናል። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ የበሽታውን ስም ማውጣትም የእኛ ሥራ አይደለም። ቁስሉን መጀመሪያ ያየንበትን ቀን በስም መጥሪያው ጀርባ መጻፍ ግን አያቅተንም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ቁስሉ ካለ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ድዱ ቆስሎ ጉንጩ ያበጠ ሕፃን ከሆነ ግን የገበያ ቀን ደርሶ ወላጆቹ ወደ አዲስ ቅዳም እስኪወጡ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ነው የሚሄደው።