አስኮ ካራ፣ ፒያሳ ማዴ

ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው ከገቡት ሚኒባሶች አንዳንዶቹ የትውልድ አገራቸው ጽሑፍ እንደተለጠፈባቸው ይዞራሉ። ባለፈው ዊንጌት ላይ የተሳፈርኩበት የአስኮ ታክሲ በሩ ላይ ጠርዙ የተላጠ ማስጠንቀቂያ ነበረው፤ በሩ እጅ እንዳይቆነጥጥ የሚያሳስብ ነው። ረዳቱ ቀኑን ሙሉ ይደገፈዋል እንጂ አያነበውም። ጽሑፉ «ቴ ኦ» ብሎ ይጀምራል። «ቴ» እጅ ነው። «ኦ» ግን ለብቻዋ ትርጉም የላትም፤ ድርጊቱ የሚያርፈው እጁ ላይ መሆኑን ብቻ ትናገራለች። እኛ «እጅዎን» ስንል መጨረሻ ላይ የምንሰካት «ን» ማለት ናት።

ጃፓኖች እንዲህ ያሉትን «ጆሺ» ይሏቸዋል፤ አጋዥ ቃል እንደማለት ነው። የዱሮ ስማቸው «ቴኒዎሃ» ነበር። የጥንት ሊቃውንት የቻይናን መጻሕፍት በራሳቸው ቋንቋ አንብበው ለመተርጎም በፊደሉ ዙሪያ ትንንሽ ነጥብ ያደርጉ ነበር፤ በአራቱ ማዕዘን ያሉት ነጥቦች «ቴ»፣ «ኒ»፣ «ዎ»፣ «ሃ» ተብለው ይነበባሉ፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ከግእዙ መስመር በላይ የዜማ ምልክት ሲደረደር ያየ የድጓ ተማሪ ነገሩ አይገርመውም። በ18ኛው መቶ ዘመን ሞቶኦሪ ኖሪናጋ የተባለው ሐኪምና ሊቅ ስለነዚህ ቃላት በጻፈው መጽሐፍ ዶቃ በሚሰካበት ክር መስሏቸዋል፤ ክሩ ከተበጠሰ ዶቃው ቢያምርም መሬት ላይ ይበተናል።

በእኛ በኩል ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ፣ ኋላም ባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ብለው ባዘጋጇቸው መጻሕፍት የ«ለ»ን፣ የ«በ»ን፣ የ«ከ»ን ጠባይ አጥንተዋል። ይሁንና ጃፓንኛ የሚማር አበሻ ብዙ ጊዜ የሚይዘው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ትልቁ ጉዳት ይሄ ይመስለኛል፤ ደጃችን ላይ ያለውን ቤት በለንደን ዞረን እንገባበታለን።

እንግሊዝኛ ተናጋሪን የሚያስለቅሱት «ዋ» እና «ጋ» ናቸው። ሁለቱም ባለቤቱን የሚያመለክቱ ስለሚመስሉ ተማሪው ልዩነታቸው አይታየውም። ለእኛ ግን ታክሲ ውስጥ በየቀኑ የሚሰማ ነገር ነው። ሁለት ጓደኛሞች ተሳፍረዋል፤ ረዳቱ እጁን ዘረጋ። አንዱ «እኔ እከፍላለሁ» ቢል ስለ ራሱ መናገሩ ነው፤ ሌላው ይክፈል አይክፈል አልታወቀም። የጓደኛውን እጅ ይዞ «እኔ ነኝ የምከፍለው!» ሲል ግን ከፋዩ ማን እንደሆነ ቆርጦ መናገሩ ነው። የመጀመሪያው «ዋታሺ ዋ» ነው፤ ሁለተኛው «ዋታሺ ጋ»። ለዚህም ነው «ማን መጣ?» ሲባል «ማን» የሚለው ቃል «ጋ»ን እንጂ «ዋ»ን የማይቀበለው።

ሌላም መንገድ አለ። «አንድ ጅብ መጣ፤ ጅቡ አጥር ዘለለ» ስንል የመጀመሪያው ጅብ እንግዳ ነው፤ ሁለተኛው ታውቋል። በጃፓንኛ እንግዳው ጅብ በ«ጋ» ይገባል፤ ከታወቀ በኋላ በ«ዋ» ይጠራል። የእኛ «አንድ» እና የ«ጅቡ» «ኡ» የሚሠሩትን ሥራ እነሱ ለነዚህ ሁለቱ ሰጥተዋቸዋል። አንድ ለአንድ ይገጥማሉ ብሎ የሚያስብ ግን ይሳሳታል፤ የኛ «አንተስ?» እንኳ በጃፓንኛ የሚወጣው በዚያው በ«ዋ» ነው።

ሚካሚ አኪራ የሒሳብ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ለጃፓንኛ ሰዋስው «ባለቤት» የሚባል ነገር አያስፈልግም ብሎ ተከራከረ። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ማስረጃው ነው፤ «ዞ ዋ ሃና ጋ ናጋይ»። ፈረንጅ ይህን ለመተርጎም ዓረፍተ ነገሩን ማፍረስ አለበት። እኛ «ዝሆን ኩምቢው ረጅም ነው» እንላለን፤ አለቀ። ዝሆኑ የወሬው ርእስ ነው፤ የሚረዝመው ኩምቢው ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን «ሞ» ናት። «ዋታሺ ሞ» እኔም ነው። «ዳሬ» ማን ስለሆነ «ዳሬ ሞ ኮናካታ» ማንም አልመጣም ይሆናል። «ናኒ ሞ» ምንም፣ «ዶኮ ሞ» የትም። መጠይቅ ላይ «ም»ን ሰክቶ አፍራሽ ግሥ ማስከተል በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። ዝምድና የላቸውም፤ አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ጃፓንኛ ደግሞ ከዚያ ወገን አይደለም። የ«ም» እና የ«ሞ» ድምፅ መመሳሰል አጋጣሚ ነው።

የሚያስቸግረን «በ» ነው። በታክሲ፣ በሁለት ሰዓት፣ በጳውሎስ በኩል፤ ለእኛ ሁሉም «በ» ነው። ለጃፓን ታክሲው «ዴ»፣ ሰዓቱ «ኒ»፣ የሚታለፍበት መንገድ «ኦ» ይሻል። «አስኮ እኖራለሁ፣ አስኮ እሠራለሁ» ስንል ምንም አንጨምርም፤ እነሱ ለመኖሩ «አስኮ ኒ»፣ ለመሥራቱ «አስኮ ዴ» ይላሉ። ይህን በልምምድ እንጂ በብልሃት የተወጣ ሰው አላየሁም።

የቦታው ጉዳይም አለ። የእኛ «ከ» ከፊት ይቀድማል፣ የእነሱ «ካራ» ከኋላ ይከተላል፤ «አስኮ ካራ፣ ፒያሳ ማዴ» ከአስኮ እስከ ፒያሳ ነው። እዚህ ላይ ኦሮምኛ የሚናገር የአስኮ ወይም የቡራዩ ልጅ ይቀድመናል። «ወደ አስኮ» ለማለት «አስኮቲ»፣ «ከአስኮ» ለማለት «አስኮ ኢራ» ስለሚል፣ አጋዡን ከኋላ ማስከተል አዲስ አይሆንበትም።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ብቻ። «ዋ» የምትጻፈው በ«ሃ» ፊደል ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1946 የፊደል አጻጻፋቸውን ሲያሻሽሉ ይህችንና ሁለት ጓደኞቿን እንደነበሩ ተዋቸው። ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሲከራከር ያደገ አንባቢ ይረዳቸዋል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ ቶዮታ ገባ፣ ካይዘን ገባ። የመጡት ስሞቹ ናቸው እንጂ አጋዦቹ አይደሉም፤ «ቶዮታዋን ሸጠ»፣ «በካይዘን ሠለጠነ» እያልን የራሳችንን ለጠፍንባቸው።

በንግግር ሁለቱም ቋንቋዎች አጋዥ ይጥላሉ፤ ያገኙትን ሁሉ ግን አይደለም። «ወደ»ን ጥለን «አስኮ ሄድኩ» እንላለን። «ከአስኮ መጣሁ» ከሚለው «ከ»ን ብንጥል ግን መንገዱ ይገለበጣል። በጃፓንኛም «ኦ» እና «ዋ» በቀላሉ ይወድቃሉ፤ «ካራ» እና «ማዴ» አይወድቁም።

በድሮው የቶኪዮ አነጋገር «እዚያ» ለማለት «አሱኮ» ይባላል። መካከል ያለው «ኡ» ድምፁ ስለሚጠፋ ጆሮ የሚደርሰው «አስኮ» ነው። ፒያሳ ላይ ረዳቱ «አስኮ! አስኮ!» ብሎ ሲጮህ አንድ የቶኪዮ ሽማግሌ ቆሞ ቢያዳምጥ «እዚያ! እዚያ!» እያለ ይመስለዋል። ከዚያ ነው ወይስ እስከዚያ ብሎ «ካራ»ን ወይም «ማዴ»ን ይጠብቃል። ረዳቱ ደግሞ ሁለት ሰው ስለጎደለው እንደገና «አስኮ!» ይላል።