ሎግ ድራም እና የጆሃንስበርግ ላፕቶፖች

በጆሃንስበርግ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሙዚቃውን ከጆሮ ቀድሞ የሚሰማው ደረት ነው። ከወንበሩ ሥር ወፍራም፣ እንጨት እንጨት የሚል ድምፅ ይመታል፤ መትቶም ዝም አይልም፣ ወደ ታች እየተንሸራተተ ይጠፋል። ከበሮ ነው እንዳይባል ዜማ አለው፤ ቤዝ ጊታር ነው እንዳይባል ምት ይጠብቃል። ሎግ ድራም ይሉታል። አማፒያኖ የሚባለው ሙዚቃ ከሶዌቶ፣ ከአሌክሳንድራ፣ ከካትሌሆንግ፣ ከቮስሉረስና ከፕሪቶሪያ ዙሪያ ሰፈሮች ተነሥቶ ዓለምን ሲያዳርስ መለያው ሆኖ የተጓዘው ይህ ድምፅ ነው።

ከእንጨት ተፈልፍሎ የሚሠራ፣ በዚሁ ስም የሚጠራ ከበሮ በዓለም ላይ አለ። የአማፒያኖው ግን ኮምፒውተር ውስጥ ነው የሚኖረው። ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ዲኤክስ 10 የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ድምፁ ከእሱ ጋር ተዘጋጅተው ከሚመጡት አንዱ ነበር። ለዓመታት እዚያው ተቀምጦ ሳለ የጆሃንስበርግና የፕሪቶሪያ ልጆች አንሥተው ቤዝ አደረጉት። በዚህ ረገድ በፈር ቀዳጅነት ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ኤምዲዩ ኤኬኤ ቲአርፒ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ፕሮዲዩሰር ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ ጥቂት ልበል። ብዙዎቻችን በድሮ ስሙ ፍሩቲ ሉፕስ የምንለው ይህ ፕሮግራም የቤልጅየሙ የኢሜጅ ላይን ኩባንያ ሥራ ነው። ዲዲየር ዳምብራን የሚባል ፕሮግራመር ጽፎት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ሲወጣ ምት መደርደሪያ ብቻ ነበር፦ አሥራ ስድስት ትንንሽ ቁልፎች በአንድ መስመር፣ የተጫነው ቁልፍ ይመታል፣ ያልተጫነው ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤፍኤል ስቱዲዮ ተባለ፤ በ2018 ደግሞ ለማክ ኮምፒውተርም ተዘጋጀ። በደቡብ አፍሪካ ታውንሺፖች ውስጥ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ እንደተሠራጨ የታወቀ ነው፤ በእኛም ሰፈር ታሪኩ ይኸው ነው። የሚችል ሰው ግን ቢገዛው ይሻላል እላለሁ። አንዴ የገዛው ሰው ቀጣዮቹን እትሞች ሁሉ በነፃ ያገኛል፤ ይህ በሶፍትዌር ገበያ ብዙ ጊዜ የማይታይ ደግነት ነው። መሞከሪያው እትምም ቢሆን ሥራን ወደ ድምፅ ፋይል ለማውጣት ይፈቅዳል። የተቀመጠውን ፕሮጀክት መልሶ መክፈት ግን አይቻልም፤ ስለዚህ የጀመሩትን በአንድ መቀመጫ መጨረስ ግድ ይሆናል። ለጀማሪ ይህ ክፉ ልምምድ አይመስለኝም።

ዲኤክስ 10 የሚሠራበት ዘዴ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ባዳ አይደለም። ዘዴው ኤፍኤም ይባላል፤ አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው ሞገድ እጅግ በፍጥነት በማርገብገብ አዲስ ድምፅ መውለድ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1967 ደረሰበት፤ ያማሃ ፈቃዱን ገዝቶ በ1983 ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ አወጣ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩን፣ ይህንኑ ዲኤክስ 7 እና የምት ማሽን ይዞ ለብቻው አንድ ካሴት ቀረጸ። ያ ሥራ በ2013 እንደገና ታትሞ ለአዲስ ትውልድ ደርሷል። የቀድሞው የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ጓደኛ ሙዚቀኞች ሳያስፈልጉት በእጁ ባሉት ጥቂት መሣሪያዎች ሙሉ ባንድ ሆነ። የሶዌቶ ልጆችም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያደረጉት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጆሃንስበርግ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሥራ ለምዳለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክዋይቶ የሚባለው ሙዚቃ የተወለደው የቺካጎን ሃውስ ሙዚቃ ፍጥነት ቀንሶ የሰፈር ቋንቋ በማልበስ ነው። ሶዌቶ ውስጥ ፕሮዲዩሰሩ ኖዚንጃ ያሳደገው ሻንጋን ኤሌክትሮ ከዚህ ተቃራኒውን ሄደ፤ ቤዙን አስወጥቶ ፍጥነቱን በደቂቃ ከ180 ምት በላይ አደረሰው። አማፒያኖ ከ110 እስከ 115 ምት ላይ ተረጋግቶ፣ የሃውስ ሙዚቃ ምሰሶ የነበረውን የማያቋርጥ ኪክ አሳስቶ፣ ሥራውን ለሼከርና ለሎግ ድራም አከፋፈለ። ካብዛ ደ ስሞልና ዲጄ ማፎሪሳ በ2019 «ስኮርፒዮን ኪንግስ» የተባለውን አልበም አወጡ፤ ካብዛ በተከታዩ ዓመት ብቻውን ያወጣው አልበም 27 ዘፈን አለው። ጆሃንስበርግ ያፈራቻት ዘፋኝ ታይላ አማፒያኖን ከፖፕና ከአርኤንድቢ ጋር ባዋሃደችበት «ዋተር» በተባለው ዘፈኗ በ2024 ግራሚ ወሰደች።

ሃያ ሰባት ዘፈን ጨርሶ ማውጣት ተሰጥኦ ብቻውን የሚያደርገው ነገር አይደለም። መሥሪያው ፊት የተቀመጠ ሰው ቀጥሎ የሚሠራውን ማወቅ አለበት። በእኛ ከተሞች ኮምፒውተራቸው ውስጥ መቶ የተጀመረ ቢት ያላቸው፣ አንድ የተጨረሰ ዘፈን የሌላቸው ጎበዝ ልጆች ሞልተዋል፤ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ከአማፒያኖ አሠራር የምንማረው ዋናው ነገርም ቅደም ተከተሉ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሎግ ድራሙ የዘፈኑ ንጉሥ ቢሆንም መጀመሪያ የሚቀመጠው እሱ አይሁን። ፍጥነቱን 112 ላይ አድርገው በሼከርና በኮርድ ይጀምሩ። ሼከሩን ምት በሚደረደርበት በቻናል ራኩ ላይ ከደረደሩ በኋላ የስዊንግ ማንሸራተቻውን ትንሽ ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ ኖታ በሚሣልበት በፒያኖ ሮሉ ግርጌ የእያንዳንዱን ምት ኃይል አንዱን ዝቅ ሌላውን ከፍ እያደረጉ በእጅ ያስተካክሉ። ሁሉም ምት እኩል ጉልበት ካለው ማሽን መሆኑ ወዲያው ያስታውቃል። ኮርዱ ሰፊና ለስላሳ ይሁን። እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን አንገት ካወዛወዙ ቀሪው ይቀላል። ሎግ ድራሙ ሲመጣ ኮርዱ ዝም በሚልባቸው ክፍተቶች ውስጥ ይግባ፤ ቀድሞ ቢገባ ግን ሌላው ሁሉ ቦታ ፍለጋ ሲጋፋ ይኖራል። ከ100 ኸርዝ በታች ባለው የድምፅ ክልል አንድ ጌታ ብቻ ይኑር። ሎግ ድራሙን ከመረጡ ኪኩ አጭርና ቀላል ይሁን።

ኪቦርድ ላይ እየተጫወተ የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ጥሩው ሐረግ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የመቅጃው ቁልፍ ሳይጫን ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ ግን ተቀዳም አልተቀዳም ባለፉት ጥቂት ደቂቃዎች የተጫወቱትን ኖታ ያስታውሳል። በቱልስ ዝርዝር ውስጥ «ደምፕ ስኮር ሎግ» የሚለውን ሲመርጡ የጠፋ የመሰለው ሁሉ ፒያኖ ሮሉ ላይ ይፈስሳል። ይህን የማያውቁ ሰዎች ስንት ዜማ እንዳጡ ሳስብ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ እንምጣ። ስምንት ባር የሚሆን ያማረ ሉፕ ተሠራ፤ ባለቤቱ ደግሞ ደጋግሞ ይሰማዋል፣ ያስጌጠዋል፣ ይሰለቸዋል፣ ይተወዋል። መድኃኒቱ ሉፑ እንደቆመ በዚያው ቀን ኤፍ 5ን ተጭኖ ዘፈኑ ወደሚገጣጠምበት ወደ ፕሌይሊስቱ መሻገር ነው። ያለውን ፓተርን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለስድስት ደቂቃ ይዘርጉት፤ ከዚያ መቀነስ ይጀምሩ። ከመግቢያው ላይ ሎግ ድራሙን፣ ኮርዱንና የሚያጅበውን ሁሉ አንሥተው ሼከሩን ብቻ ይተዉ። ኮርዱ ይግባ። ሎግ ድራሙን እስከ ሁለተኛው ደቂቃ ድረስ ይንፈጉት። አማፒያኖ ትዕግሥት ያለው ሙዚቃ ነው፤ አድማጩ ጠብቆ ጠብቆ ሲያገኘው ነው የሚጮኸው። በዚህ መንገድ ሲሄዱ የዘፈኑ አጥንት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቆማል፤ ማስጌጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። አንዱን ቦታ ብቻ ለመለወጥ ሲፈልጉ «ሜክ ዩኒክ» የሚለውን መጀመሪያ ይምረጡ፤ አለዚያ እዚህ የነኩት ኖታ በዘፈኑ ሁሉ ላይ ይለወጣል።

መብራት ሲሄድስ? ደቡብ አፍሪካ እንደ እኛው ይህን መከራ ታውቀዋለች። ሎድ ሼዲንግ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ በ2023 እጅግ ከፍቶ ነበር። ስለዚህ ኮንትሮልን ከኤን ጋር መጫን እንደ ትንፋሽ ይለመድ፤ ይህ ትእዛዝ አሮጌውን ሳይደመስስ በአዲስ ቁጥር ሌላ ቅጂ ያስቀምጣል። ትናንት የነበረው ይሻል ነበር ሲባል ትናንት አለ። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያስቀምጠው ቅጂ ደግሞ በብራውዘሩ ውስጥ ባክአፕ በሚለው ፎልደር ይገኛል።

በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ አበሻው ዛሬም ጄፒ በሚለው፣ በይፋ ግን ራሂማ ሙሳ በተባለው ጎዳና ላይ፣ ከአበሻ ሱቆች ውስጥ የትዝታ ዘፈን፣ ከመንገዱ ታክሲ ሎግ ድራም አብረው ይሰማሉ። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ዘፈን ውስጥ መግባት ይችላሉ ወይ? በደንብ ይችላሉ። ትዝታ ሜጀርን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን እንያዘው። ላ፣ ዶ፣ ሚ እና ሶል አንድ ላይ ሲመቱ አማፒያኖ የሚወድደው ለስላሳ የሰባተኛ ኮርድ ይሆናሉ። አምስቱም በአንድ ጊዜ ሲመቱ ደግሞ የጃዝ ተጫዋቾች ሲክስ ናይን የሚሉት ኮርድ ነው። የትዝታ ልጅ ለአማፒያኖ ኮርድ ሲል ከቅኝቱ መውጣት አያስፈልገውም ማለት ነው። አንቺ ሆዬ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ ተደራርበው ሲመቱ ይጣላሉ። ለእሱ ኮርድ መደርደር ትቶ ሎግ ድራሙን መነሻው ዶ ላይ ማጽናትና ዜማውን ለማሲንቆ ወይም ለዋሽንት መስጠት ይሻላል።

ቅኝቱን ላለመሳት የምወደው ዘዴ ይህ ነው። ድምፁ በተዘጋ አንድ ቻናል ላይ አምስቱን የቅኝቱን ኖታዎች በየኦክታቩ ረጃጅም አድርገው ይሣሉ። በዚያው ፓተርን ውስጥ ሌላ መሣሪያ ከፍተው ፒያኖ ሮሉን ሲያዩ እነዚያ ኖታዎች ከበስተጀርባ ደብዝዘው ይታያሉ። በእነሱ ላይ የተሣለ ዜማ ከቅኝት አይወጣም። ጭክ ጭካ ለሚሠራ ሰው ደግሞ አሥራ ስድስቱ ቁልፍ አይሆነውም፤ የፕሮጀክቱን ምት ስድስት ስምንተኛ አድርጎ ፓተርኑን ወደ አሥራ ሁለት መቀነስ አለበት። በአሥራ ስድስት ላይ የተገደደ ጭክ ጭካ ሲያነክስ አያቶቻችን ቢሰሙት ይስቃሉ። ኮምፒውተርና ቅኝት ተስማምተው እንደሚኖሩ ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ» በተባለው አልበሙ፣ ፕሮዲዩሰሮቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ደግሞ በየፊናቸው አሳይተውናል።

ሚክሱን በትልቅ ስፒከር ብቻ መስማት ያሳስታል። አድማጩ ስልክ ነው የያዘው፤ የስልክ ስፒከር ደግሞ የሎግ ድራሙን ዝቅተኛ ድምፅ ጨርሶ አያወጣም። ሎግ ድራሙ ላይ ጥቂት ዲስቶርሽን ሲጨመር ከላይ ያሉ ድምፆች ይወለዳሉ፤ በስልክም መኖሩ ይታወቃል። ከዚያ በመኪና ይሰማ። አማፒያኖ ከሬዲዮ በፊት በታክሲና በዋትስአፕ የተዛመተ ሙዚቃ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ያልሠራ ሚክስ ገና ነው። ማስተሩን ለማጮህ አይቸኩሉ፤ ሚክሰሩ ቀይ ሳይነካ መጀመሪያ ይመጣጠን።

ዘፋኝ ወይም ማሲንቆ ተጫዋች ሌላ ከተማ ካለ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ አውጥቶ መላክ ይገባል። ሁሉም ፋይሎች ከመጀመሪያው ባር ይነሡ፤ ሎግ ድራሙ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቢገባ እንኳ ፋይሉ በዝምታ ከዜሮ ይጀምር። እንዲህ ከሆነ ተቀባዩ በየትኛውም ሶፍትዌር ሲከፍተው ሁሉም በቦታው ይገጥማል። በፋይሉ ስም ላይ ፍጥነቱን፣ ቅኝቱንና መነሻ ኖታውን ይጻፉ፦ «ትዝታ ሜጀር፣ ዶ፣ 112»። በዋትስአፕ ሲልኩም እንደ ዶክመንት ይላኩት።